የቡድሃን ትምህርት በሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ፦ የትኛው ታሪክ፣ በምን ቃል፣ በምን ሥዕል?

ሰማያዊ እርሳስ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ጮክ ተብሎ የሚነበብ የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ሥዕሉ የባልደረባዬ። መልእክቱ ከቡድሃ ትምህርት የተወሰደ ነው። ማንንም ሃይማኖት ለማስቀየር አይደለም፤ ልጆች የሩቅ አገር ጥበብ በራሳቸው ቋንቋ ቢሰሙ ደስ ይለናል።

ረቂቁ የተመሠረተው በጥንቸሉ ጃታካ (ስለ ቡድሃ ያለፉ ሕይወቶች ከሚተርኩት ታሪኮች አንዱ) ላይ ነው። የአማልክት አለቃ ሳካ ምግብ ፈላጊ መስሎ ሲመጣ፣ ጥንቸሉ የሚሰጠው ስላጣ ራሱን እሳት ውስጥ ይወረውራል፤ ምስሉም ጨረቃ ላይ ይሳላል። ጽሑፉ 900 ቃል ደርሷል፤ መጨረሻው ላይ ካርማን የሚያብራራ አንድ ገጽ አለ።

ጥያቄዎቻችን፦ ታሪኩ ለዚህ ዕድሜ ይሆናል? ካርማ፣ ኒርቫና የመሳሰሉትን በአማርኛ እንዴት እንበላቸው? ቡድሃን ስንስል ምን እንጠንቀቅ? ገጾቹንስ እንዴት እንከፋፍላቸው?

የቀርከሃ ጥላ

ጥንቸሉን ለሌላ መጽሐፍ አቆዩት። በፓሊ፣ ማለትም በጥንቶቹ የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ፣ በተጻፈው የጃታካ ስብስብ 316ኛው ታሪክ ነው፤ እሳቱ እንዳላቃጠለው፣ እንዲያውም እንደ በረዶ እንደቀዘቀዘበት ተጽፏል። ችግሩ ሥዕሉ ከጽሑፉ ቀድሞ መታየቱ ነው። የ4 ዓመት ልጅ አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የሚያየው እሳት ውስጥ የሚዘል ጥንቸል ነው። ለጋስነትን ልናስተምረው ስንል «ጥሩ ልጅ ራሱን ይጎዳል» የሚለውን ይዞ ይተኛል። ዝላዩን ብታወጡት ደግሞ ታሪኩ አከርካሪ አይኖረውም።

በምትኩ ሳምዩታ ኒካያ ከሚባለው የቡድሃ ንግግሮች ስብስብ የስድቡን ታሪክ እዩት (7.2)። ቡድሃ ራጃጋሃ ከተማ አጠገብ ባለው የቀርከሃ ደን ውስጥ ናቸው። የባራድቫጃ ወገን የሆነ አንድ ብራህሚን (የህንድ የካህናት ወገን ሰው)፣ ዘመዱ እሳቸውን ተከትሎ መመንኮሱን ሰምቶ በቁጣ ይመጣና ስድብ ያወርድባቸዋል። ቡድሃ ይጠይቁታል፦ ቤትህ እንግዳ ይመጣል? ይመጣል። ምግብ ታቀርባለህ? አቀርባለሁ። ባይበሉትስ፣ የማን ይሆናል? የእኔው። እኛም ስድብህን አልተቀበልንም፤ ያንተው ነው ይሉታል። ሰውየው በመጨረሻ ራሱ ይመነኩሳል።

ለሥዕል መጽሐፍ ይህን ያህል የተመቸ ታሪክ ማግኘት ብርቅ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ። የ4 ዓመት ልጅ መሰደብን ያውቃል፤ እንግዳ መጥቶ ምግብ ሳይበላ ሲሄድም አይቷል። አዲስ የሚማረው በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ብቻ ነው።

ሁለት ጉድጓዶች ግን አሉ። አንደኛው፣ «ያንተው ነው» የሚለው መልስ ልጆች ሲሰዳደቡ ከሚሉት «ለራስህ!» ጋር አንድ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። እንደዚያ ከተሰማ መጽሐፉ ስድብ መመለሻ ያስተምራል፤ መልእክቱ ተገለበጠ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመልሱ በኋላ ያለው ገጽ ነው። ቡድሃ ፈገግ ብለው አያሸንፉ፣ ጀርባቸውንም አይስጡ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ለሰውየው መቀመጫ ይስጡት። ፈቀቅ ማለታቸው ምንጩ ላይ የለም፤ መጨረሻው ግን የሚመራን ወደዚያው ስለሆነ ጭማሪው ታሪኩን አይቃረንም።

ሁለተኛው፣ «አልቀበልም» ማለት «ዝም በል፣ ቻለው» ማለት አይደለም። ቡድሃ ዝም አላሉም፤ ጠየቁ፣ መለሱም። ለወላጆች በምትጽፉት ማስታወሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ የሚመታህ ወይም ዕለት ዕለት የሚያስፈራራህ ካለ ለምታምነው ትልቅ ሰው ንገር። ይህ ከሌለ መጽሐፉ ለተበደለ ልጅ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የካርማውን ገጽ አውጡት። ካርማ በቡድሃ ትምህርት አስቦ የሚደረግ ድርጊት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ካርማ የምለው ሐሳብን ነው ብለዋል። በአንድ ገጽ ሲጨመቅ ግን ሁልጊዜ «የእጁን አገኘ» ይሆናል። ከዚያ ልጁ የታመመ ጓደኛውን አይቶ ምን አጥፍቶ ነው ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰውየው ያመጣውን ስድብ ተሸክሞ መቅረቱ ራሱ ካርማን ያሳያል፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ኒርቫናንም (የምኞትና የሥቃይ መጥፋትን) ለዚህ ዕድሜ ተዉት፤ በየትኛውም አማርኛ ቢጻፍ ልጆች ገነት ነው ብለው ይሰሙታል።

ፊደል ለቃሚ

በታሪኩ ምርጫ እስማማለሁ። አማርኛ ለዚህ ታሪክ የሚሰጠው ነገር ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የላቸውም፤ አክብሮቱን ማለቴ ነው። ከላይ ቡድሃ ሰውየውን «አንተ» ሲሉት ተጽፏል። እኔ «እርስዎ» አደርገው ነበር። ሰውየው «አንተ!» እያለ ይምጣ፤ መልሱ «እርስዎ» ይሁን፤ በመጨረሻ ሰውየው ራሱ «እርስዎ» ይበል። ስድብን አለመቀበል ምን እንደሆነ ልጁ ማብራሪያ ሳይሰማ በጆሮው ይይዘዋል። አማርኛ የሚናገር የ5 ዓመት ልጅ የ«አንተ»ንና የ«እርስዎ»ን ልዩነት አሳምሮ ያውቃል።

ትረካው ላይም «እሳቸው» በሉ። በአማርኛ ለአምላክ «እሱ» እንላለን፤ «እሳቸው» ለተከበረ ሰው ነው። ስለዚህ «እሳቸው» ስትሉ ቡድሃ አስተማሪ እንጂ አምላክ አለመሆናቸውን ያለ አንድ ቃል ስብከት ተናገራችሁ። ስሙንም አንዴ ብቻ ፍቱት፦ ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት ነው።

አክብሮቱ የሚያመጣው ጣጣ አለ። «መጡ» አንድ የተከበረ ሰውም ብዙ ሰውም ሊሆን ይችላል። «ካልበሉትስ?» ብቻ ብትሉ እንግዶቹ ይሁኑ ሰውየው ራሱ አይለይም፤ «እንግዶቹ ካልበሉትስ?» ብላችሁ ባለቤቱን ጥሩት። ልጅ አንዴ ከጠፋበት ሥዕሉን እንጂ ጽሑፉን አይከተልም።

ሌላው ወጥመድ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አይጽፈውም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ወላጅ ግን በመጀመሪያ እይታ መወሰን አለበት። «ይበላል» አላልቶ ሲነበብ እሱ ይበላል ነው፤ «በ» ስትጠብቅ ደግሞ ምግቡ ይበላል። ይህ ታሪክ ስለ መብላትና አለመብላት ስለሆነ በየገጹ ያደናቅፋል። «ያልተበላ ምግብ»፣ «እንግዶቹ ቀመሱ»፣ «ማንም አልነካውም» የሚሉ አንድ ንባብ ብቻ ያላቸውን ምረጡ።

ርዝመቱ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች 500 ቃል ገደማ ይላሉ። ያንን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። «አልተቀበልኩትም» አንድ ቃል ነው፤ ማን፣ ምን፣ እንዴት ሁሉ ውስጡ አለ። በአማርኛ ከ250 እስከ 300 ቃል ይበቃል። ከ900 ወደዚያ የምትወርዱት አረፍተ ነገር በማሳጠር አይደለም። ሥዕሉ የሚናገረውን በሙሉ ሰርዙ። «ፊቱ በቁጣ ቀላ» አያስፈልግም፤ ፊቱ ተስሏል።

ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደግሞ ለገጽ መግለጫ ስጦታ ነው። «ማንም ያልነካው ያ ሁሉ ምግብ የ…» ብላችሁ ገጹ ይገለጥ፤ በሚቀጥለው ላይ መልሱ። ግን በመጽሐፉ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉት። የ4 ዓመት ልጅ ረጅም የተንጠለጠለ አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አይሸከምም።

ወደፊት ስለ ዱክኻ (ቡድሃ የሕይወትን አለመርካትና ሥቃይ የሚጠሩበት ቃል) ከጻፋችሁ በአማርኛ «ዱካ» አትበሉት፤ ዱካ የእግር ኮቴ ነው፣ የቡድሃ ዱካ ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሆነ ድብልቅልቁ ይወጣል። «ሥቃይ»ም ይከብዳል፤ ለልጅ «ልብ አለመርካት» ይቀርበዋል። ማለፍንና መለወጥን ስትጽፉም «ኃላፊ ጠፊ» የሚለውን ሽሹ፤ ዓለምን የመናቅ ቃና አለው። «ይለዋወጣል» ቀላልና ትክክል ነው።

ቀለም በጥባጭ

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። መጀመሪያ ሆዱ የተነፋውንና የሚስቀውን መላጣ ሰውዬ ከሐሳባችሁ አውጡ። እሱ ቡዳይ የሚባል ቻይናዊ መነኩሴ ነው፤ የታሪካችን ቡድሃ ከሆኑት ከጎታማ ቡድሃ ከሺህ ዓመት በላይ በኋላ የኖረ።

የጎታማ መለያዎች የታወቁ ናቸው፦ አናት ላይ ያለው ጉብታ፣ በቅንድቦቹ መካከል ያለችው ነጥብ፣ በልጅነቱ በለበሰው ከባድ የጆሮ ጌጥ የረዘመው የጆሮ ጫፍ። ሁሉንም መሳል ግዴታ አይደለም። ጆሮውና ጉብታው ይበቃሉ።

እጅ ግን ቋንቋ ነው፣ ተጠንቀቁ። ቀኝ እጅ መሬት ሲነካ የነቁበትን ሌሊት ያመለክታል፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለቱም እጆች ደረት ፊት ጣት ለጣት ሲገናኙ ማስተማር ነው። መዳፉ ወደ ፊት ተዘርግቶ ቀኝ እጅ ሲነሳ «አትፍራ» ማለት ነው፤ የሥዕል ጥናት የማያውቅ ልጅ ግን «ቁም!» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ በስድቡ ገጽ ላይ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ እንዳረፉ ይቆዩ።

ቀሚሱ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም። ከቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ በማጋዳ አገር የሩዝ እርሻ መደቦች አምሳል እንዲሆን የቡድሃ ረዳት አናንዳ እንዳዘጋጀው በመነኮሳቱ ሥርዓት መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ራጃጋሃ የማጋዳ ዋና ከተማ ናት። ከበስተጀርባ የሩዝ እርሻ ከሳላችሁ መስመሩን ከቀሚሱ ስፌት ጋር አመሳስሉት፤ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ከአዋቂ ቀድመው ያገኛሉ። ቀለሙ ከልጥና ከሥር የተነከረ ቡናማ ቢጫ ይሁን፤ ጥቁር ቀይ የቲቤት፣ ግራጫ የምሥራቅ እስያ መነኮሳት ነው፤ ጊዜውም ቦታውም አይገጥምም።

ምግቡን ስትስሉ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ እንዳይገቡ። ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር የመጡት ከ1492 በኋላ ነው፤ ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ሩዝ፣ ምስር፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሰሊጥ፣ ማንጎ፣ ሙዝ ይበቃሉ። በሳህን ፈንታ ቅጠል ላይ ይቅረብ።

ደግሞ አንድ የሚያምር ነገር አለ። የፓሊው ጽሑፍ ቦታውን የሚጠራው የቀርከሃው ደን፣ «ሽኮኮዎች የሚመገቡበት» ብሎ ነው። ለሥዕል መጽሐፍ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ሽኮኮዎቹ ቁጣው ሲመጣ ይሸሹ፣ ሲበርድ አንድ በአንድ ይመለሱ። ስለ እነሱ አንድም ቃል አትጻፉ።

ሰማያዊ እርሳስ

እጅግ እናመሰግናለን፤ ጥንቸሉን ትተናል። ሁለት ነገር ይቀረናል። ስድቡን እንዴት እንሳለው? እውነተኛ የስድብ ቃል ልጆች መጽሐፍ ላይ መጻፍ አንፈልግም። ደግሞ ባልደረባዬ በቡድሃ ራስ ዙሪያ የብርሃን ክብ ሥላለች፤ ይሁን?

ቀለም በጥባጭ

ክቡ ይቅር። የብርሃን ክብ በዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ በነበረችው በጋንዳራ የጥንት ቅርጽ ላይ አለ፤ ስህተት አይደለም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ቅዱስ ነው ብሎ ያነበዋል፤ በ«እሳቸው» የተገኘው ነገር ይፈርሳል። ሰላማቸውን በአቀማመጥ አሳዩ፦ በየገጹ ቁመታቸውና ቦታቸው አይለወጥ፤ የሚወራጨው ሌላው ብቻ ይሁን። ፊት መሳል ከከበዳችሁም መንገድ አለ። ህንድ ውስጥ ባሉት በሳንቺና በባርሁት የጥንት ቅርጾች ላይ ቡድሃ በሰው አምሳል አልተቀረጹም፤ ባዶ መቀመጫ፣ ዛፍ፣ መንኮራኩር ወይም የእግር ዱካ ይተካቸዋል። ንግግር በበዛበት በዚህ ታሪክ ግን ፊት ያስፈልጋል።

ስድቡን ምግብ አድርጉት። ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ ጭስ የሚተፋ አንድ ድስት ይያዝ፤ በመንገድ እየተናደደ ሲሄድ ድስቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ይሁን። ሲጮህ ክዳኖቹ ይከፈቱ፤ ከውስጥ የሚወጣው ሾህ የመሰለ ጥቁር ጭረት ይሁን፣ ፊደል አይሁን። ቡድሃ ድስት አይነኩም። በመጨረሻ ድስቶቹ ያሉት በሰውየው ክንድ ላይ ነው፤ ከባድ ናቸው። ማስቀመጥ እንደሚችል ሲገባው ታሪኩ አለቀ። ሰውየውን ግን አስቀያሚ አታድርጉት። ቁመቱ ከቡድሃ ጋር እኩል፣ ፊቱ የሚወደድ ይሁን፤ ልጁ ተናዶ ሲመሽ ራሱን የሚያየው እሱ ውስጥ ነው።

ገጽ 32

ገጾቹን በተመለከተ፦ 32 ገጽ የተለመደው፣ ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ 16 ገጽ ስለሚያወጣ ነው፤ ሁለት ወረቀት 32 ይሆናል። 34 ገጽ ከጻፋችሁ ለሁለት ገጽ ብላችሁ ብዙ ወረቀት ትከፍላላችሁ። ከመሳል በፊት ማተሚያ ቤቱን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጠንካራው ሽፋን የሚጣበቅበት ወረቀት ለብቻው ነው ወይስ ከ32ቱ ውስጥ? ለብቻው ከሆነ ከገጽ 4 እስከ 31 ድረስ 14 ጥንድ ገጾች አሏችሁ። ከውስጡ ከሆነ ገጽ 1 እና 32 ይጣበቃሉ፣ 2–3 እና 30–31 የሽፋኑ ውስጥ ይሆናሉ፤ የሚተርፋችሁ የርዕሱን ጨምሮ 13 ጥንድ ነው። ይህን ዘግይቶ ማወቅ የተጠናቀቀ ሥዕል ያስጥላል።

በ14 ጥንድ እንዲህ ይሄዳል። 4–5 ጸጥ ያለው ደንና ሽኮኮዎቹ። 6–7 ወሬው ሰውየው ቤት ይደርሳል። 8–9 መንገዱና የሚበዙት ድስቶች። 10–11 ሲደርስ ሽኮኮዎቹ ይሸሻሉ። 12–13 ጩኸቱ፣ ሥዕሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። 14–15 ያለ ጽሑፍ፤ ቀርከሃ፣ ሁለት ሰው፣ ዝምታ። ይህን ገጽ ሲያጥርባችሁ እንዳትቆርጡት፤ መጽሐፉ የሚተነፍሰው እዚህ ነው። 16–17 የመጀመሪያው ጥያቄ። 18–19 በሰውየው ቤት የተሰናዳው ግብዣ። 20–21 እንግዶቹ ሄደዋል፣ ምግቡ ሙሉ ነው። 22–23 «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የግድ በቀኙ ገጽ፣ በ23 ታች ይሁን፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር ፊት ለፊት ከታየ ልጁ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። 24–25 «የእኔው…»። 26–27 ክንዱ ላይ ያሉትን ድስቶች ያያል። 28–29 ያስቀምጣቸዋል፣ ቡድሃም ፈቀቅ ይላሉ። 30–31 ሁለቱ ተቀምጠው፣ ሽኮኮዎቹ ተመልሰው፤ ያለ ጽሑፍ። ገጽ 32 ላይ ባዶ ድስት ውስጥ የተኛ ሽኮኮ። የወላጆች ማስታወሻ ገጽ 2 ላይ በትንሽ ፊደል፣ ከ80 ቃል ሳይበልጥ፤ ምንጩንና እናንተ የጨመራችሁትን እዚያው ንገሩ።

ጽሑፍ ያላቸው 12 ጥንዶች ናቸው፤ 300 ቃል ለ12 በአማካይ 25 ነው። ከ40 ያለፈ ገጽ ካለ ሥዕሉን እየደገማችሁ ነው።

ቀለም ሳትነኩ 8 የኤ4 ወረቀቶች መሐላቸው ላይ እጠፉና ናሙና ሥሩ፤ 32 ገጽ ይወጣል። ጽሑፉን ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ይስተካከላል፤ እናንተ ስታነቡት አትደናቀፉም፣ ስለዚህ የራሳችሁ ንባብ ማስረጃ አይሆንም።

የሚበላሹትን ልንገራችሁ። ሥዕሉ በአራቱም በኩል ከመከርከሚያው 3 ሚሊሜትር ይለፍ፤ ካልሆነ ነጭ ክር ይታያል። ፊደል ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ገባ ይበል። በመሐል እጥፋቱ ግራና ቀኝ 15 ሚሊሜትር ውስጥ ፊት አይሳል፤ በተለይ የቡድሃ ፊት በሽቦ ስፌት ሲበሳ የቡድሃ እምነት ተከታይ ለሆነ አንባቢ ስድብ ነው። በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የመሐሎቹ ገጾች ወደ ውጭ ስለሚገፉ ሲከረከሙ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይጠባሉ፤ እዚያ ጠርዝ ላይ ቀጭን ክፈፍ አትሳሉ። ሥዕሉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን።

የቀሚሱ ብርቱካናማ ስክሪን ላይ ያበራል፣ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲወጣ ግን ይደበዝዛል፤ ያልተቀባ ወረቀት ላይ ደግሞ ይባስ። በስክሪን አትወስኑ፤ መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አሳትማችሁ እዩ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ከሥዕሉ በተለየ ንብርብር ይቀመጥ፤ ነገ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ማሳተም ብትፈልጉ የሚቀየረው የጥቁሩ ቀለም ማተሚያ ሳህን ብቻ ይሆናል። በጥቁር ሥዕል ላይ ነጭ ፊደል አትጻፉ፤ «ኩ»ን ከ«ኪ» የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ቀለም ሲሞላባት ትጠፋለች። መጠኑ ከ20 እስከ 22 ነጥብ፣ በመስመሮች መካከል አንድ ተኩል እጥፍ።

ፊደል ለቃሚ

ሠዓሊዋ ሳትጀምር አንድ ነገር፦ በአማርኛ «ሽኮኮ» ሁለት እንስሳ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ያለው ሽኮኮ ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖረው፣ ጅራት አልባው ነው። የቀርከሃው ደን ሽኮኮ ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ጅራቱ ጎፈር ያለው፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያሉ ሰንበሮች ያሉት ትንሽ የህንድ ሽኮኮ ነው። ለሥዕሉ የምትጽፉት መመሪያ ላይ ጅራቱን ጥቀሱ።

ሰማያዊ እርሳስ

ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የነገራችሁን፤ የመጀመሪያው ንድፍ ላይ ጅራት የላቸውም። «እርስዎ» የሚለውን ዛሬውኑ አስገብተን እንደገና እንቆጥራለን።